በሕይወት ላለ ሰው ትልቅ ፎቶ

ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀደንያ ደወለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ቢያስቸግረንም ዋናው ነገር ገብቶኛል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ የፎቶ ኤግዚቢሽን ልታቀርብ ነው። አዲስ አበባ የሚታየው በጥር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እዚሁ መሐል ሜዳ ይታያል ትላለች። «መጀመሪያ ማየት ያለባቸው የተነሡት ሰዎች ናቸው፣ አባዬ» አለችኝ። የት ሊሆን ነው ብላት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን አሮጌ የእህል መጋዘን አስፈቅዳ ጨርሳለች። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ ሳላውቅ እሷ አዲስ አበባ ሆና መጋዘን ታስፈቅዳለች። በዚህ በዚህ እናቷን ነው የምትመስለው።

ለባለቤቴ ለበለጠች ስነግራት እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ «መጋዘኑ አይጥ የለውም?» አለች።

ጥቅምት 10

ብርዱ ሰውን እቤቱ አስቀርቶታል፤ ደንበኛ የለም። ፎቶ ቤቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ስለ ልጄ ሳስብ ዋልኩ።

ሥራ የጀመረችው ከእኔው ጋር ነው፤ ስምንተኛ ክፍል እያለች። ከሚነሣው ሰው ጀርባ የሚሰቀለውን መጋረጃ መቀየር የእሷ ድርሻ ነበር፤ ለሙሽራ ፏፏቴው፣ ለተመራቂ የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ ለመታወቂያ ነጩ። አንድ እሑድ ካሜራውን ትቼላት ቤተ ክርስቲያን ስሜ ብመለስ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አንሥታ ጠበቀችኝ። አንዱ ጫማውን በምራቅ ይወለውላል፣ አንዷ የልጇን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ አንድ ሽማግሌ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ አንድ ሰው የለበትም። «ይኼን ማን ይወስደዋል?» ብዬ ተቆጣኋት። ኋላ አዲስ አበባ ለሥልጠና የጠሯት እነዚያኑ ፎቶዎች አይተው ነው።

አምና ከሌሎች ወጣቶች ጋር ሆና ሦስት ፎቶ ስታሳይ እኔና በለጠች ሄደን ነበር። ነጭ ግድግዳ ላይ የሣር ተራራችን የጓሳ ጉም ተሰቅሏል። ከጉሙ ውስጥ የጓሳ ጠባቂው የወልደ ጻድቅ ፊት በግማሽ ብቅ ብሏል፤ ሌላው ግማሽ ጨለማ ነው። አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ጠጋ ብላ «አባት፣ ምን ተሰማዎት?» አለችኝ። «በእኛ ቤት ቢሆን በነፃ ድጋሚ እናነሣው ነበር» አልኳት። ፀደንያ ከኋላዬ ቆማ ሰምታኝ ኖሯል። ሳቀች፤ ግን እራት ላይ ብዙም አላወራችም። ፎቶውን እጅግ ወድጄው ነበር፤ ያንን ለመደበቅ ነው ቀልድ ያመጣሁት። ይኼን እስካሁን አልነገርኳትም።

ጥቅምት 18

ፀደንያ መጣች። ከስታለች። እናቷ ከመጣች ጀምሮ ሳህኑን ከፊቷ አላነሣችም።

የቀሯት ፎቶዎች ስላሉ ዛሬ አብሬያት ጓሳ ወጣሁ። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ እኔ ልያዝ ብዬ ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። የድሮ ብረት ነው፤ ይከብዳል። አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ጉሙ እስኪነሣ አረፍኩ። ፀደንያ ፊት ለፊቴ ወዲያ ወዲህ ትል ነበር፤ ሳሩን የምታነሣ መስሎኛል። ወልደ ጻድቅ «ጋሽ ዳኜ ከተሜ ሆኑብን» ብሎ ሳቀብኝ። ቢስቅ እውነቱን ነው፤ ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል።

ማታ ደረቴን ሳሽ በለጠች አየችኝ። ጨጓራ ነው፣ የባቄላው ሹሮ ነው አልኳት።

ጥቅምት 21

ጤና ጣቢያ ደርሼ መጣሁ። ለደም ግፊት። ነርሷ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ግራ እጅዎን ይደነዝዝዎታል ወይ፣ ሲተኙ ያፍንዎታል ወይ። ደብረ ብርሃን ሄደው ልብዎን ይታዩ አለች። ልጅ ናት፤ ልጆች ቶሎ ይደነግጣሉ። ቤት አልተናገርኩም። ኤግዚቢሽኑ ይለፍ።

ጥቅምት 24

ፀደንያ ፎቶዎቹን ልታሳትም ነገ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ምን ያህል እንደምታሳድጋቸው ስጠይቃት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ቁመታቸው ከሜትር ያልፋል። ያውም በጥቁር ፍሬም።

እዚህ ላይ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። በእኛ አገር ፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ የሚሠራው ለሞተ ሰው ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከመታወቂያው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ይዞልኝ ይመጣል። አሳድጋለሁ፤ ለወንድ ኮትና ከረባት አለብሳለሁ፣ ለሴት የወርቅ ሐብል እጨምራለሁ፣ የግንባር መሥመር አጠፋለሁ። ለቅሶው ላይ ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ይወጣል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በሕይወት ያለ ሰው መጥቶ «የእኔን አሳድግልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ሙሽራም ቢሆን ሁለት ሆኖ ነው የሚሰቀለው።

ግን ምን ብዬ ልንገራት? አባቷ ፎቶ አንሺ ሆኖ ፎቶ ይፈራል ትበል? ስለ ፍሬሙ ዋጋ ጠይቄ አለፍኩት።

በለጠች ወጥ እያማሰለች ትሰማን ኖሮ «አንተስ እስቲ አንድ ቀን ተነሣ። የአገሩን ሰው ሁሉ አንሥተህ የራስህ ከመታወቂያህ ላይ ካለችው ሌላ የለህም» አለችኝ። የፎቶ አንሺ ቦታው ከካሜራው ኋላ ነው አልኳት። ሁልጊዜም የምላት ይኼንኑ ነው።

ኅዳር 6

መንገድ ተዘጋ። ስልክም የለም። ልጅቷ እዚያ፣ እኛ እዚህ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

እስካሁን አልተከፈተም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የነፍስ አባታችንን አባ አትናቴዎስን አገኘኋቸው። እሳቸውም ፀደንያ ካነሣቻቸው አንዱ ናቸው። «የእኔ ምስል ከምን ደረሰ?» አሉኝ። ታትሞ አዲስ አበባ ተቀምጧል አልኳቸው። «እንግዲያ እኔ ሳልገባ እሱ ገባልህ በለኛ» አሉ። በሰማንያ ዓመታቸው አዲስ አበባን አይተዋት አያውቁም ኖሯል።

ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ትራሱ ዝቅ ብሎ ነው።

ኅዳር 19

መንገዱ ተከፈተ። ፎቶዎቹም ፀደንያም ደህና ገቡ፤ ተመስገን።

ዕለቱ ገበያ ነው። መናኸሪያ ሄጄ ልቀበላት ተነጋግረን ነበር፤ ጧት ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ አልጋ ላይ ቆየሁና አረፈድኩ። ስደርስ ፎቶዎቹን ከሚኒባሱ ጣሪያ አውርደዋቸዋል። የአንዱ መጠቅለያ መንገድ ላይ ተቀዶ ኖሮ ፀደንያ የቀረውን ልጣ ፎቶውን ግድግዳ አስደግፋዋለች። ቀየት መንደር ካነሣቻቸው አንዷ፣ እማማ ጠጄ ናቸው። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ቀና ሲሉ ነው ያነሣቻቸው፤ ዓይናቸው ውስጥ የቤታቸው መስኮት ይታያል። በጣም ያምራል። ገበያተኛው ከቦ ያያል። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች።

«አየህ አባዬ፣ ገብቷቸዋል» አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

እኔ ያንን ራስ መነቅነቅ ከለቅሶ ቤት አውቀዋለሁ። ጋቢዬን አወለቅኩና ፎቶውን ሸፈንኩት። በሰዓቱ ደርሼ ቢሆን ኖሮ ሳይታይ እናስገባው ነበር።

ኅዳር 20

ቀየት ጥሩምባ ተነፋ አሉ። ለእማማ ጠጄ። አባ አትናቴዎስ ሰው ልከውብኝ ነው የሰማሁት። ፀደንያ ስትሰማ ተቀመጠችና ቀረች። ሞቱ ያሰኛቸው ፎቶው ነው። ጋቢውም ነው።

ኅዳር 22

እኔ፣ ፀደንያና አባ አትናቴዎስ ይቅርታ ልንጠይቅ ቀየት ደርሰን መጣን። መኪና እስከገባበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር። የሆነውን ሁሉ እዚያው ሰማን።

እማማ ጠጄ ጸበል ከሄዱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ከገበያ የተመለሰች ጎረቤታቸው ፎቶውን ማየቷን ለመንደሩ ትናገራለች። ይባስ ብሎ «ፎቶ አንሺው ዳኜ ራሱ አዝኖ ጋቢውን አለበሳት» ትላለች። በቃ ጸበሉ ላይ አርፈዋል ተባለ። ልጃቸው ወንዳፈራሁ መሬት ላይ ወደቀ፤ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እማማ ጠጄ ደግሞ በዚያው ጧት ከጸበል በእግራቸው እየተመለሱ ነው። ጥሩምባውን ከወንዙ ማዶ ሰሙ፤ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ደጅ ሲሮጥ አዩ። እቤት የቀረው ያ አንድ ልጃቸው ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ልጄን፣ ልጄን» እያሉ ደረሱ። እሳቸው ልጃቸውን እያለቀሱ፣ ልጃቸው እሳቸውን እያለቀሰ በሩ ላይ ተገጣጠሙ።

አባ አትናቴዎስ ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ሸፈኑ። እኔ የምስቀውንም የማለቅሰውንም አጣሁት።

እማማ ጠጄ እንደሆነ ቅር ያላቸው አይመስሉም። «ቁጭ በሉ እንጂ። ንፍሮ ብሉ፤ የገዛ ለቅሶዬ ንፍሮ ነው፣ ተርፏል» አሉን። «ሰው ሳያውቀኝ በመሐል ስገባ ሁሉን አየሁት። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስልኝ፣ ማን ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ እንደሚያዛጋ። የወንድሜ ሚስት አንዲት ጠብታ የላትም።»

ፀደንያ እግራቸው ላይ ወድቃ ስታለቅስ ራሷን ዳበሷት። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ያየችኝ ሁሉ ጠጄ አምሮባት ሞተች ነው የምትለው።»

አባም ጣልቃ ገብተው፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል አሉ። ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አልጠየቅኳቸውም።

ወንዳፈራሁ ግን ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ አልተቀመጠም። ዓይኑ እንደቀላ ነው። «እናቴን አትስቀሉብኝ» አለ። «ሌሎቹም የተነሡት ቤተሰቦች እንደኔው ናቸው፤ ትናንት ተነጋግረናል። በሕይወት ያለ ሰው እንደ ሙት ተሰቅሎ አናይም። አዲስ አበባም ይሁን እዚህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሽ ዳኜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእኛን እናትና አባት አሳድጋችሁ ልትሰቅሉ ነው። የእርስዎ የታለ?»

ዓይኔን ንፍሮው ላይ ተከልኩ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ቀረሁ። አባ በሰማንያ ዓመታቸው ቆመው ጠበቁኝ። «የልጁ ጥያቄ ነው የከበደህ ወይስ ዳገቱ?» አሉኝ። ዳገቱ ነው አልኳቸው።

ኅዳር 24

ፀደንያ ምግብ አልቀመሰችም። ነገሩን ጨርሳዋለች። ሰዎቹ ካልፈቀዱ እዚህም አይታይም፣ አዲስ አበባም አይታይም ትላለች። አዳራሹን የሰጧትን ሰዎች ይቅርታ ልትጠይቅ ነው። «ማን ያውቃል እዚያ?» አልኳት። «እኔ አውቃለሁ» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ብርድ የሰው ደጅ ስትጠና የሠራችው ሥራ ነው። ወደ ሠርግ ፎቶ ልትመለስ ነው እንግዲህ።

ያን ቀን አፌን ከፍቼ መዝጋቴ ነው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃት።

ኅዳር 27

ለልጅቷ እናቷ ገንፎ ሠራችላት። ሁለት ጊዜ ቀምሳ ተወችው። እኔም አልወረደልኝም።

ታኅሣሥ 2

መጋዘኑ ውርጭ ይገባዋል ብዬ ፎቶዎቹን ወደ ቤት ላጓጉዝ ሄድኩ። አንደኛው ለብቻው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፤ በሁለት ጨርቅ ተጠቅልሏል። የአባ አትናቴዎስ መስሎኝ ፈታሁት።

እኔ ነኝ።

ጓሳ ላይ ያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ማቆሚያው ጭኔ ላይ ተጋድሟል። ባርኔጣዬን አውልቄያለሁ፤ ቀኝ እጄ በጋቢው ውስጥ ደረቴን ይዟል። አፌ ከፈት ብሏል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ግማሽ ፊቴ ጨለማ ነው።

ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ሳሳድግ ኖሬያለሁ። ከመታወቂያ ፎቶ ላይ ሰውየው ታሞ እንደነበርና እንዳልነበር እለያለሁ፤ ለቤተሰብ አልናገርም እንጂ። ከከንፈር ዙሪያ ይታወቃል። ይኼንንም ፊት አየሁት። ያየሁትን አልጽፍም። መልሼ ጠቅልዬ እንደነበረው ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ታኅሣሥ 3

ተቆጥቻለሁ። ሰው ሳይጠየቅ አይነሣም። ይኼን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

እኔ አሳድጌ የሰቀልኳቸው ግን አንዳቸውም ተጠይቀው አያውቁም። ሙት ምን ብሎ ይፈቅዳል።

ታኅሣሥ 5

እሷ ናት የጀመረችው። ፎቶ ቤቱን ስዘጋ መጥታ መጋረጃዎቹ ሥር ተቀመጠች፤ ልጅ ሆና የምትቀመጥበት ቦታ።

«ጨርቁ በሌላ ቋጠሮ ታስሯል» አለችኝ። «አይተኸዋል።»

«ሳታስፈቅጂኝ» አልኳት።

«ልነግርህ ነበር። ከዚያ የእማማ ጠጄ ነገር መጣ።» የመጋረጃውን ጫፍ ያዘች። «አባዬ፣ እኔ ሳሩን እያነሣሁ ነበር። ቀና ስል እንደዚያ ሆነህ አየሁህ። ካሜራውን ጥዬ ልሮጥ ነበር። ሮጬ ብመጣ ብድግ ብለህ ደህና ነኝ ትለኛለህ። ስለዚህ አነሣሁህ። ፎቶ አይዋሽልህም ብዬ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተው እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ጨጓራ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ጨጓራ ይሁን። የጨጓራም ሐኪም አዲስ አበባ አለ።»

ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣው አልመጣ አለ። የተቀመጠችው የፏፏቴው መጋረጃ ሥር ነው፤ እግሮቿን አጣጥፋ። አንድ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ሆና ታየችኝ። «ፎቶው ጥሩ ነው» አልኳት። «ጨለማው ቦታው ላይ ነው።» ይኼን ለማለት ስንት ዓመት ፈጀብኝ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና «በነፃ ድጋሚ አናነሣውም?» አለች። አምና ያልኩትን ሳትረሳው ቆይታለች፣ ይቺ ቂመኛ።

ታኅሣሥ 6

አባ አትናቴዎስ ዘንድ ሄድኩ። ለወንዳፈራሁና ለቤተሰቦቹ ሁሉ ይንገሩልኝ አልኳቸው። የዳኜም ፎቶ አለ፣ ከሁሉም ያነሰ አይደለም፣ ከሁሉ በፊት በሩ ላይ ይሰቀላል፤ እኔም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ እቆማለሁ። ያንን አይተው የማይወዱ ከሆነ የእነሱን እዚያው እናወርዳለን።

አባ ፊቴን አዩ። «ፈርተሃል?» አሉኝ።

አዎን አልኳቸው።

ታኅሣሥ 8

ከቀየት መልስ የለም። ከጓሳም የለም።

ታኅሣሥ 14

እማማ ጠጄ እመጣለሁ ብለዋል አሉ። ልጃቸው ምን እንዳለ የነገረኝ የለም።

ታኅሣሥ 18

ነገ ገብርኤል ነው፤ ከነገ ወዲያ እሑድ መጋዘኑ ይከፈታል። በለጠች ስትጠርገው ሰነበተች፤ አይጥም አልተገኘም። ምስማሩን እኔ መታሁ። ሁለቱን አጣመምኩ። በሩን እንዳለፉ ወዲያው ፊት ለፊት እኔ ነኝ።

በለጠች ፎቶውን ገና አላየችም ነበር። ጨርቁን ስንገልጠው መጥረጊያዋን እንደያዘች ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ለፎቶው «ጨጓራ ነው ያልከኝ» አለችው።

እራት እስክንበላ አላናገረችኝም። ስንቀመጥ ግን የእኔን ሹሮ ጨው ቀንሳ ለብቻ ሠርታዋለች። ፀደንያ ምን እንደነገረቻት አልጠየቅኩም።

ታኅሣሥ 20

ደክሞኛል፤ ግን ዛሬን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጧት ማንም አልመጣም። ለአምናው ኤግዚቢሽን የለበስኩትን ኮት ለብሼ ከፎቶዬ አጠገብ ቆምኩ። ፀደንያ በር ላይ እየወጣች ትገባለች። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው በር በሩን ያይ ጀመር፤ የሚገባ ግን የለም። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፎቶውን አዩ። ገቡና እጄን ያዙኝ። ይዘው ቆዩ፤ ጨመቅ አደረጉት። ሙቀት እንዳለው እያዩ ነው። «እንኳን ተረፍክ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሰው ተንጋጋ። የገባው ሁሉ መጀመሪያ እጄን ይጨብጣል።

ወደ እኩለ ቀን እማማ ጠጄ በበቅሎ መጡ፤ ልጓሙን የያዘው ወንዳፈራሁ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፎቶዬን ሲያይ ቆየ። ደረቴ ላይ ያለውን እጅ ነው የሚያየው። ኮፍያውን አወለቀ። «ጋሽ ዳኜ፣ እኔ እንዲህ ያለውን አይደለም አምጡ ያልኩት» አለ።

«ያለኝ ይኸው ነው» አልኩት።

እናቱን ደግፎ ወደ ፎቷቸው ወሰዳቸው። እማማ ጠጄ ተጠግተው አዩ፤ በጣታቸው የፎቶውን መስኮት ነኩ። «ይቺ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ጎኗ ቆመው እንደ እሷ ቀና አሉ። እሳቸውን አይተው አባ አትናቴዎስም ከምስላቸው ጎን ቆሙና «እኔ እሻላለሁ» አሉ። ወልደ ጻድቅ ከጓሳ ደርሶ የራሱ ፎቶ ሥር ራሱን ሲያክ አገኘሁት። «ሌላው ግማሼ የት ሄደ?» አለኝ። «ጉሙ ውስጥ ነው፤ ቆመህ ብትጠብቅ ይመጣል» አልኩት። ፀደንያ ሰማችኝ። ከሰው መሐል መጥታ እጄን ያዘች።

በየፎቶው አጠገብ ባለቤቱ ቆሟል። ያልመጣ ካለ ዘመዱ ቆሞ «ደህና ነው፤ እህል እየወቃ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ኤግዚቢሽን አዲስ አበባም አይቼ አላውቅም።

እማማ ጠጄ ሊሄዱ ሲሉ ጠሩኝ። «ስሙኝ ሁላችሁም። የሞትኩ ዕለት የምትይዙት ይቺኑ ነው። አንተ ልጅ፣ ሐብል እንዳትስልብኝ።» እሺ አልኳቸው። ወንዳፈራሁም «አዲስ አበባ ትሂድ» አለ። «ግን ትመለስ።»

ታኅሣሥ 22

ነገ ከፀደንያ ጋር አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ለኤግዚቢሽኑ ነው። ለሐኪምም ነው። የልብ ሐኪም፤ ይኸው ጻፍኩት። ነርሷ ያለችኝን ሁሉ ዛሬ ለበለጠች ነገርኳት። ልጅ ናት ያልኳት ነርስ፣ የበለጠች የማኅበር እህቷ ልጅ ኖራለች፤ የነገርኳትን ሁሉ በለጠች ከጥቅምት ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁለቱም ዝም ብለው ጠበቁኝ ማለት ነው፣ እናትም ልጅም። እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ያለው ሰው ፎቶ የሚፈራበት ምክንያት አልነበረውም። ግን አሁንም እፈራለሁ።

በለጠች ቤት ትጠብቃለች። ፎቶዎቹ ጧት ጣሪያ ላይ ይጫናሉ፤ እኔ ከውስጥ። የእኔን ፎቶ ራሷ ሦስት ጊዜ ጠቀለለችው። ቢሆንም አላመነችም፤ መንገድ ላይ ቢቀደድስ ትላለች። ስለዚህ መኪናው በቆመበት ሁሉ፣ ሞላሌም ይሁን ጣርማ በር፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሰዉን ሰላም እንድል አዘዘችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። የት ሄደሽ ነበር ስላት፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ቤት ነው አለች። ዳኜ በእግሩ እስኪመለስ ድረስ፣ ማንም መጥቶ ፎቶውን አየሁ ቢልህ እንዳትነፋ ብላዋለች። እሱም እሺ ብሏታል።